የጎደለው 25 ቮልት

የኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት መስመር 220 ቮልት፣ የባለ ሦስት ፌዙ 380 ቮልት ነው። መብራት ጨርሶ ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያወራለታል። 220 መሆን የሚገባው 195 ላይ ሲውል ግን «መብራቱ ደክሟል» ተብሎ ይታለፋል፤ ጉዳቱም ቆጣሪ ላይ አይታይም።

ጦር ኃይሎች ላይ የሚቆመው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በራሱ ማከፋፈያ ጣቢያዎች በኩል 750 ቮልት ዲሲ ያገኛል። ከሐዲዱ ማዶ ያለች እንጀራ ጋጋሪ ግን ዕጣዋ የታሰረው ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው የሰፈር ትራንስፎርመር ጋር ነው። የ3.5 ኪሎዋት ምጣዷ 195 ቮልት ሲደርሰው የሚሰጠው ሙቀት ወደ 2.75 ኪሎዋት ይወርዳል፤ ኃይል የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሆነ ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሊጡ ተራ ይጠብቃል። የወፍጮ ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ሲያንሰው ተጨማሪ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ጥምጥሙ ይቃጠላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ አነስተኛና ቋሚ ጉድለት ያለው ርካሽ መላ ማካካሻ ትራንስፎርመር ነው። 220 ቮልት ተቀብሎ 24 ቮልት የሚሰጥ ተራ ትራንስፎርመር ይወሰድና ወጪው ጥምጥም ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ይቀጠላል። መስመሩ 195 ሲሆን ጥምጥሙ 21 ቮልት ገደማ ይጨምርበታል፤ ምጣዱ 216 ያገኛል። የጥምጥሙ ጫፎች ቢገለበጡ ያው ዕቃ ቮልት ይቀንሳል። ትልቁ ጥቅሙ መጠኑ ነው፦ የሚሸከመው የሚጨመረውን ቮልት ብቻ ስለሆነ ለ3.5 ኪሎዋት ምጣድ 400 ቮልት አምፔር ገደማ ይበቃዋል። ለባለ ሦስት ፌዝ ወፍጮ ሁለት ወይም ሦስት ያስፈልጋሉ።

የዚህ ሁሉ መነሻ ቡዳፔስት ነው። በጋንዝ ፋብሪካ መሐንዲሶቹ ዚፐርኖቭስኪ፣ ብላቲና ዴሪ በ1885 እ.ኤ.አ. ዝግ እምብርት ያለውን ትራንስፎርመር አስመዘገቡ። ከሦስቱ አንዱ ብላቲ በ1889 የኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪውንም ሠራ። እስከ ዛሬ ደንበኛው የሚደርሰው ቢል የፈጀውን ኪሎዋት ሰዓት እንጂ የደረሰውን ቮልት አይነግረውም።

ማካካሻው አስተዋይ አይደለም፤ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ያባዛል። ሌሊት ሰው ሲተኛ መስመሩ ወደ 230 ቢወጣ የቤቱ ቮልት 255 ይሆናል፤ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ያን ጊዜ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ለሚዋዥቅ መስመር የሚሻለው ስታቢላይዘር ነው። ሌላም አለ፦ 195 ላይ 14 አምፔር ይስብ የነበረው ምጣድ ማካካሻ ሲገባለት ከመስመሩ ከ17 በላይ ይስባል። ስለዚህ የአንዱ ቤት መፍትሔ የጎረቤቱን መብራት ይበልጥ ያደክማል።

የጉድለቱ ምንጭ ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ውጭ ነው፦ ረጅምና ቀጭን ሽቦ፣ አንድ ፌዝ ላይ የተከመረ ጭነት፣ ከአቅሙ በላይ የተሸከመ ትራንስፎርመር። የሰፈር ትራንስፎርመሮች ቮልቱን በጥቂት በመቶ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አብሯቸው ይሠራል፤ ኃይሉ ተቋርጦ በባለሙያ ይቀየራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የመጨረሻው መቶ ሜትር ሽቦ ግን ካልወፈረ ያ ሁሉ ኃይል ምጣዱ ላይ ሲደርስ ያው ደካማ ነው። ኃይሉን እስከ ቤት የማድረሱ ሥራ በ2006 ዓ.ም. መብራት ኃይል ለሁለት ሲከፈል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ሆኗል። ጋጋሪዋ ከኪሷ ትራንስፎርመር ገዝታ የሕዝብ መስመር እንድታቃና መተው ፍትሐዊ አይደለም።

ስለዚህ አንባቢ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ለአንድ ሳምንት ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታና ሌሊት ቮልቱን ያስለካ፤ ይጻፈውም። ጽሑፉን ይዞ በ905 ይደውል፣ ወይም ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ይሂድ፤ የትራንስፎርመሩ ማስተካከያ እንዲታይለትም ይጠይቅ። ምላሽ ካጣና ቮልቱ ሌት ተቀን ዝቅ እንዳለ ከቆየ ብቻ ማካካሻውን በባለሙያ ያስገጥም።