ከባሕር ወለል በታች የሚቀበረው ጋዝ

አንባቢ ሆይ፤ ከጅግጅጋ ወደ ሀርሺን ብትሄድ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አታገኝም። የአገሩ ሰው የዝናቡን ውሃ የሚያቆየው መሬቱን ቈፍሮ በሲሚንቶ በለሰነው ቢርካ ነው። ቢርካው ከተሰነጠቀ ውሃው ሳይታይ ይሰርጋልና፣ ብልህ ባለቤት «ስንት ይይዛል?» ብቻ ሳይሆን «በየት በኩል ያፈስ ይሆን?» ብሎም ይጠይቃል።

ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣውን፣ ዓለምን የሚያሞቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕር ወለል በታች ለመቅበር የሚያስቡ ሊቃውንትም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ሥራው በሰፊው የተጀመረው በኖርዌይ ነው። መንግሥት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በባሕር ላይ በሚለቀቀው ጋዝ ላይ ቀረጥ ጣለ። ስለዚህ በሰሜን ባሕር በስላይፕነር ከተፈጥሮ ጋዝ የተለየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1996 ጀምሮ ከባሕሩ ወለል ከ800 ሜትር በላይ ጠልቆ ወደሚገኝ የአሸዋ ድንጋይ ይገፋ ጀመር። መጠኑም በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ቶን ደርሷል።

«ድንጋይ እንዴት ጋዝ ይይዛል?» ትል ይሆናል። ድንጋዩ እንደ ሰፍነግ ባለ ቀዳዳ ሆኖ ጨዋማ ውሃ የቋጠረ ነው። በላዩም ጥቅጥቅ ያለ የጭቃ ድንጋይ እንደ ክዳን ተደፍቶበታል። ጋዙ ግን ከውሃው ስለሚቀል ዘወትር ወደ ላይ መውጫ ይሻል።

እንግዲህ አደጋውን የሚመዝኑት ሦስት ነገር ይመረምራሉ። አንደኛ፤ ክዳኑ ስንጥቅ አለበትን? ሁለተኛ፤ ቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ የተቈፈሩ ጉድጓዶች በሚገባ ተደፍነዋልን? ሦስተኛ፤ ድንጋዩ ምን ያህል ግፊት ይችላል? ጋዙ ቢያመልጥ በባሕሩ ውሃ ሟሙቶ አሲድነቱን ስለሚጨምር፣ በአካባቢው ያሉትን ዛጎል ለበስ ፍጥረቶች ይጎዳል።

ይሁን እንጂ ይህ አንድ ጊዜ ተመርምሮ የሚዘጋ መዝገብ አይደለም። በዚያው በኖርዌይ፣ በስኖቪት፣ በ2008 ሥራው ሲጀመር ግፊቱ ከታሰበው ይልቅ ፈጥኖ ጨመረ። መለኪያው ይህን በጊዜ ስላሳወቀ በ2011 ጋዙን ወደ ሌላ የድንጋይ ንጣፍ መላክ ጀመሩ። በስላይፕነርም የድምፅ ሞገድ ወደ ምድር እየላኩ፣ ማሚቶውን እየመዘገቡ ጋዙ የት እንደ ደረሰ ተከታትለዋል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ «አደጋ የለውም» የሚል ጥናት ጠረጴዛህ ላይ ቢቀርብ፣ ማን ይጠብቀዋል? እስከ መቼ? ቢያፈስስ ኪሣራው የማን ነው? ብለህ ጠይቅ። ጋዙ የሚቀበረው ለሺህ ዓመታት እንዲቆይ ነው፤ የቀበረው ኩባንያ ግን ያን ያህል ዕድሜ የለውም።