የጣና ደንገል በአትላንቲክ ላይ

የዓባይ ውኃ ከጣና ተነሥቶ ግብፅ ይወርዳል። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ከጣና ሌላ ነገር ወደ ግብፅ ሄደ፦ ታጭዶ የደረቀ፣ በነዶ የታሰረ ደንገል። የሄደው ግን በወንዙ ሳይሆን በቀይ ባሕር፣ በመርከብ ተጭኖ ነበር።

ያስጫነው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። የጥንት ግብፃውያን በመቃብር ግድግዳ ላይ የሳሏቸው የደንገል መርከቦች ውቅያኖስ ይችሉ እንደሆነ ራሱ ተሳፍሮ ሊፈትን ፈለገ። በግብፅ ለመርከብ የሚበቃ ደንገል አልነበረም፤ በጣና ግን ወይጦዎችና ሌሎች የዳርቻው ነዋሪዎች ታንኳቸውን የሚሠሩት ከዚሁ ተክል ነው። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ቶሎ ቶሎ ያድሰዋል።

«ራ» የተባለውን መርከብ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ የገመዱት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ደንገል ለስላሳ ስለሆነ አንድ ምሰሶ ተተክሎበት አይቆምም። ስለዚህ ሁለት እግር ያለው ምሰሶ ተሠራ፤ እግሮቹ ግራና ቀኝ ባሉት እስሮች ላይ አረፉ፤ ሸራው በመካከላቸው ተሰቀለ።

ችግሩ ከኋላ ነበር። በጥንቱ ሥዕል የመርከቡ ጭራ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ ከጫፉም አንድ ገመድ ወደ ወለሉ ይወርዳል። የቻድ ጀልባ ጭራ የለውም፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ይህን ገመድ አያውቁትም፤ ሌሎቹ የጉዞው ሰዎችም ጭራውን ለማጉበጥ ብቻ የታሰረ መሰላቸው። ስለዚህ ገመዱ ቀረ። እኔ እንደማየው የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። ገመዱ እንደ ሞፈርና ቀንበር ምራን ነበር፤ ጭራውንና ወለሉን አያይዞ በማዕበል ጊዜ የኋላውን ጫፍ ደግፎ የሚያነሣ።

«ራ» ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ በ7 ሰዎች ተነሣ። የመቅዘፊያ መሪዎቹ ገና በመጀመሪያው ቀን ተሰበሩ። ጭራው ዕለት ዕለት እየሰጠመ ማዕበሉን ወደ ውስጥ ጋበዘው። 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ የካሪቢያን ደሴቶች ሳይደርስ፣ ሐምሌ ላይ ተጥሎ ቀረ። ደንገሉ ግን በሁለት ሳምንት ይሰጥማል ብለው ያስጠነቀቁትን ሁሉ አሳፍሯል።

ሄየርዳል ተስፋ አልቆረጠም፤ ደንገሉም ዳግመኛ ከኢትዮጵያ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን የገመዱት ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ነበሩ፤ የእነሱ ጀልባ ሁለቱም ጫፎቹ ቀና ያሉ ናቸው። ሁለት ትልልቅ እስሮችን በመካከላቸው ካለ ቀጭን እስር ጋር በረዥም ገመድ እየጠመጠሙ አጠበቁ። አዲሱ መርከብ «ራ 2» ርዝመቱ 12 ሜትር ብቻ ነበር። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ።

መርከቡ ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን-ቲኪ ሙዚየም ይታያል። የጣና ዳርቻ ደንገል በበኩሉ በእርሻ መስፋፋት እየተመናመነ ነው፤ ሐይቁንም እምቦጭ የተባለው አረም ወርሮታል። የቀሩት ታንኳ ሠሪዎች ደንገሉን እንዴት እንደሚያጭዱ፣ እንደሚያደርቁና እንደሚያስሩ በቪዲዮና በጽሑፍ ሊመዘገብ ይገባል፤ እያንዳንዷ ቋጠሮ ለምን እንደምትታሰርም አብሮ ይጠየቅ።