ፕሮሰሰራችሁ ሲግል ቮልቴጁን ብትቀንሱለትስ?

ጌም ስትጫወቱ ወይም ቪዲዮ ስታቀናብሩ የላፕቶፓችሁ ፋን እንደ ወፍጮ ሲጮህ ሰምታችሁ ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኮምፒውተሩ መንቀራፈፍ ይጀምራል። ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

ሙቀቱ ከየት መጣ?

በፕሮሰሰሩ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉ። ትራንዚስተር ማለት በጣም ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያ በሉት። በበራና በጠፋ ቁጥር ጥቂት ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍጥነቱን በ10 በመቶ ብትቀንሱ ይህ ኃይል በ10 በመቶ ይቀንሳል። ቮልቴጅ ግን በቀመሩ ውስጥ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚገባው። በ10 በመቶ ስትቀንሱት 0.9 ሲባዛ በ0.9፣ 0.81 ይሆናል፤ 19 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ፍጥነቱ ሳይነካ! እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የመጀመሪያው ፔንቲየም በ5 ቮልት ነበር የሚሠራው፤ የዛሬዎቹ 1 ቮልት አካባቢ ናቸው።

ታዲያ አምራቹ ራሱ ለምን አልቀነሰውም?

ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ቺፖች እንኳ እኩል አይደሉም። አንዱ በትንሽ ቮልቴጅ ደህና ሲሠራ ሌላው ከፍ ያለ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ቺፕ ያረጃል። ስለዚህ አምራቹ ለሁሉም እንዲበቃ መጠባበቂያ ይጨምራል። እናንተ የምትቀንሱት ከዚህ መጠባበቂያ ላይ ነው።

ከልክ ካለፈስ?

የ3 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰር በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ እንደ ከበሮ ይመታል። እያንዳንዱ ስሌት ቀጣዩ ምት ሳይደርስ ማለቅ አለበት። ቮልቴጅ ሲያንስ ትራንዚስተሩ ይዘገያል፤ ምቱ ከቀደመው መልሱ ስህተት ይሆናል። ኮምፒውተሩ በሰማያዊ ስክሪን ቢቆም ጥሩ ነው፣ ቢያንስ አወቃችሁ። የሚያስፈራው ሳይቆም ሲሳሳትና ፋይላችሁን ቀስ በቀስ ሲያበላሽ ነው።

እንዴት ይሞከራል?

መጀመሪያ ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ከዚያ ፕሮሰሰሩ በሥራ ሲወጠር ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ መዝግቡ። ቮልቴጁን በ10 ሚሊቮልት፣ በ10 ሚሊቮልት ቀንሱ። የመቀነስ ምልክቷን እንዳትረሱ! ማነስ ቺፑን አያቃጥለውም፣ መብዛት ግን ሊጎዳው ይችላል። በየእርምጃው በከባድ ሥራ ፈትኑት፤ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም ተከታተሉት፣ አንዳንዱ የሚወድቀው ያኔ ነውና። ስህተት ካያችሁ 20 ሚሊቮልት ያህል ወደ ኋላ ተመለሱ። ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዲነሳ አታድርጉ፣ አስተማማኝነቱን እስክታረጋግጡ ድረስ። እንዲህ ከሆነ ቢበላሽ እንኳ አጥፍታችሁ ስታበሩት ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ቅንብሩ ተቆልፎ ካገኛችሁትም አትገረሙ። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ቮልቴጅን ሆን ብሎ በማውረድ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ምስጢራዊ ቁልፎችን ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ጥቃቱን ፕላንደርቮልት አሉት። ከዚያ ወዲህ በብዙ ላፕቶፖች ላይ በሩ ተዘግቷል። ስህተት የማስገባት አቅም በተንኮለኛ እጅ መሣሪያ ይሆናልና።

የእናንተም ከተዘጋ ፋኑ ላይ የተከማቸውን አቧራ አጽዱ። እሱ ደግሞ ቁልፍ የለውም።