1,530 ሰዓት ስንት ያወጣል?

ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን ሎስ አንጀለስ ወይም ዳላስ፣ ኢትዮጵያውያን በርከት ብለው በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች አዲስ መጪ ዘመድ ሻንጣዋን ሳትፈታ ከምትሰማቸው ምክሮች አንዱ «መጀመሪያ ሲኤንኤ ያዢ፣ ከዚያ ኤልፒኤን ትማሪያለሽ፣ ቀስ ብለሽ አርኤን ትሆኛለሽ» የሚለው ነው። ምክሩ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) የረዳት ነርሶች (ሲኤንኤ) መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 38 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ኤልፒኤኖች ወደ 60 ሺህ፣ አርኤኖች፣ ማለትም ሙሉ ፈቃድ ያላቸው ነርሶች፣ ደግሞ 86 ሺህ ያህል ያገኙ ነበር። ምክሩ ዝም ብሎ የሚያልፈው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመውጣት የሚያስፈልገው ጊዜ ከየት እንደሚመጣ ነው። ልጅ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ በየወሩ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አለ።

መካከለኛውን ደረጃ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ኤልቪኤን ይሉታል፤ በተቀሩት ግዛቶች ኤልፒኤን ነው። ሥራው ግን አንድ ነው፤ በአርኤን ወይም በሐኪም ኃላፊነት ሥር ሆኖ መድኃኒት መስጠት፣ ቁስል ማሸግ፣ ስኳርና ደም ግፊት መለካት፣ የሕመምተኛውን ሁኔታ መዝግቦ ለውጥ ሲታይ ማሳወቅ። ሙያው ከጥንቱም የታሰበው ለረጅም ትምህርት አቅምና ጊዜ ለሌላቸው ሴቶች ነበር። ብሩክሊን ውስጥ በ1892 የተጀመረው ሥልጠና ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። ኒው ዮርክ በ1938 ለሙያው ሕግ አወጣች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነርስ እጥረት ሲብስ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ካሊፎርኒያ የራሷን ሕግ ያጸደቀችው በ1951 ነው።

ከጊዜ በኋላ ግን ሆስፒታሎች ፊታቸውን ወደ አርኤን አዞሩ። በ2010 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ከነርሶች 80 በመቶው በ2020 የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖራቸው መከረ። ዛሬ ከኤልፒኤኖች አንድ ሦስተኛው ያህል የሚሠሩት በነርሲንግ ሆሞችና በመሰል የእንክብካቤ ማዕከላት ነው። ስለዚህ ክርክሩ አላባራም፦ ይህ ደረጃ መሸጋገሪያ ነው ወይስ ሰው ገብቶ የሚቀርበት?

ሕጉ የቆጠረው ሰዓት

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የጥንካሬ ፈተና ሆኖ ነው፤ «ቆራጥ የሆነች ትወጣዋለች» ይባላል። ሕጉ ግን ከቆራጥነት በፊት ሰዓት ይቆጥራል። ካሊፎርኒያ ኤልቪኤን ለመሆን ቢያንስ 1,530 ሰዓት ትጠይቃለች፤ 576 በክፍል፣ 954 በሕመምተኛ አጠገብ። ቀን ሙሉ ለሚማር ይህ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። የማታና የቅዳሜ-እሑድ ፕሮግራም የመረጠች ተማሪ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ትቆያለች።

የክፍሉን ትምህርት እንደምንም ማብቃቃት ይቻላል፤ ሌሊት ይነበባል፣ አውቶቡስ ላይ ይደመጣል። ክሊኒካሉ፣ ማለትም በሕመምተኛ አጠገብ የሚደረገው ልምምድ፣ ግን እንዲህ አይሆንለትም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የሌሊቱ ሺፍት ለቀኑ ሲያስረክብ፣ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ሰባት መሆኑ ነው። ብዙ ዴይኬሮችም በራቸውን የሚከፍቱት በዚያው ሰዓት ግድም ነው። ሰዓቱን ሙያውን የሚቆጣጠረው የግዛቱ ቦርድ ስለሚቆጥረው የቀረ ቀን ተማሪዋ ብታብራራም ባታብራራም መካካስ አለበት። ልጅ ያተኮሰው ሌሊት እናትየዋን ከፕሮግራሙ ሊያስወጣት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱን በወረቀት ላይ ማየት ይጠቅማል። አንዲት ሲኤንኤ በሰዓት 20 ዶላር ታገኛለች እንበል። ለትምህርቱ የምታውለው 1,530 ሰዓት ከሥራዋ የሚቀነስ ከሆነ የሚቀርባት 30,600 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ በትምህርት ቤቱ የክፍያ ዝርዝር ላይ አይታይም። የልጅ ማቆያ ከተጨመረበት ይብስ ይከብዳል፤ በ2023 የአንድ ልጅ ዓመታዊ ወጪ በአገር አቀፍ አማካይ ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ከ1965 ጀምሮ ያለው ሄድ ስታርት የተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ልጆችን በነጻ ይቀበላል፤ ነገር ግን ብዙ ቦታ የሚውሉበት ሰዓት የክሊኒካልን ቀን አይሸፍንም።

ርካሹ በርና ፈጣኑ በር

ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለነዋሪው የሚያስከፍለው በዩኒት 46 ዶላር ነው። የጎልማሶች ትምህርት ቤቶችም ኤልቪኤንን በአነስተኛ ዋጋ ያስተምራሉ። እዚህ ያለው ችግር ወረፋው ነው። አናቶሚና መሰል ቅድመ ትምህርቶችን መጨረስ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ተራ ወይም ዕጣ ይጠበቃል። ክፍል በቀላሉ አይሰፋም፤ የግዛቱ ደንብ በክሊኒካል ለአንድ አስተማሪ ከ15 ተማሪ በላይ አይፈቅድም፣ አስተማሪ ለመሆን የሚበቃ ነርስ ደግሞ ሆስፒታል ቢሠራ የተሻለ ይከፈለዋል።

የግል ትምህርት ቤቶች የሚኖሩት በዚህ ወረፋ ነው። በዓመት ደጋግመው ይመዘግባሉ፣ ቅድመ ትምህርት አያበዙም፣ የማታ ክፍል አላቸው። ዋጋቸው 30 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። የሚሸጡት ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ሁለት ዓመት ወረፋ ከመጠበቅ ቶሎ ጨርሶ በኤልቪኤን ደመወዝ መሥራት ለአንዳንዱ ቤተሰብ እውነትም ያዋጣል። አደጋው ትምህርት ቤቱ ራሱ ሲወድቅ ነው። ኤቨረስት በሚል ስም ብዙ ቅርንጫፍ የነበረው ኮሪንቲያን ኮሌጅስ በ2015 ሲዘጋ ተማሪዎቹን መንገድ ላይ ጣላቸው። የፌዴራሉ መንግሥት የ560 ሺህ ተበዳሪዎችን 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ የሰረዘው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው።

የጥድፊያው ጫፍ ደግሞ በጥር 2023 ፍሎሪዳ ላይ ታየ። ዐቃቤ ሕግ ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርስ ዲፕሎማ ሸጠዋል ያላቸውን 25 ሰዎች ከሰሰ። ገዢዎቹ ለአንድ ወረቀት እስከ 15 ሺህ ዶላር የከፈሉት ሳይማሩ የኤልፒኤንና የአርኤን ፈተና ላይ ለመቀመጥ ነበር።

የእርዳታው ቀዳዳ

ለትምህርት ክፍያ ዋናው የፌዴራል እርዳታ ፔል ግራንት ነው፤ ከ2023 ወዲህ ከፍተኛው መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። ማመልከቻው ፋፍሳ ይባላል። ግሪን ካርድ ያላት፣ ስለዚህም በዲቪ የመጣች፣ እንዲሁም በስደተኝነት የገባች ወይም ጥገኝነቷ የጸደቀላት ማመልከት ትችላለች። ጉዳይዋ ገና በሂደት ላይ ያለ፣ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለች ግን አይፈቀድላትም።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ሌላ ደንብ ነው። ፔል የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ሰው ሲሆን በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪም ይቆጠራል። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ የተመረቀች ሴት ዲግሪዋ በአሜሪካ አንድም ሥራ ባያስገኝላት እንኳ በሕጉ ፊት «የተማረች» ነች። የሚቀራት ብድር ነው፤ እሱም ትምህርት ቤቱ በፌዴራሉ የብድር ሥርዓት ውስጥ ካለ።

ስለዚህ ክፍተቱ የሚሞላው በቤተሰብና በማኅበር ነው። ዕቁብ ያላት ቀድሞ እንዲደርሳት ዳኛውን ትለምንና የመጀመሪያውን ክፍያ ትከፍላለች። አያት ለአራስ ጥየቃ በጎብኚ ቪዛ ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድላቸው ስድስት ወር በመሆኑ ቆይታቸው ከክሊኒካሉ ወራት ጋር እንዲገጥም ትኬቱ በጥንቃቄ ይቆረጣል። ባልና ሚስት ሺፍት ይከፋፈላሉ፤ እሱ ከሌሊት ሥራ ሲገባ እሷ ቁልፍ ይዛ ትወጣለች።

ሌላው መንገድ ቅዳሜና እሑድን «ደብል» መሥራት ነው። ሁለት ቀን አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ሰዓት ከተሠራ ሳምንቱ 32 ሰዓት ይሞላና ሌላው ቀን ለትምህርት ይተርፋል። ዳላስ የሚገኘው የቤይለር ሆስፒታል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ ሁለት የ12 ሰዓት ሺፍት ለሠራ ነርስ የ36 ሰዓት ደመወዝ መክፈል ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ተስፋፍቶ ዛሬ የነርሲንግ ሆም የሥራ ማስታወቂያዎች «ቤይለር ሺፍት» ይላሉ። ተማሪዎች ይሻሟታል። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉትም እነዚሁ ናቸው።

ከፈተናው ማዶ

ትምህርቱ ሲያልቅ ኤንክሌክስ-ፒኤን የተባለው የፈቃድ ፈተና ይቀራል፤ ምዝገባው 200 ዶላር፣ ጊዜው አምስት ሰዓት፣ ጥያቄው ከ85 እስከ 150 ነው። ካለፉ በኋላ ደግሞ ወዴት እንደሚሄዱ ማሰብ ይመጣል። ካሊፎርኒያ አንዲት ኤልቪኤን 30 ዩኒት ጨምራ የአርኤን ፈተና እንድትቀመጥ የሚፈቅድ አቋራጭ አላት፤ በዚህ መንገድ የተገኘን ፈቃድ ግን ሌሎች ግዛቶች ላይቀበሉት ይችላሉ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ቴክሳስ አንዱ የሰጠውን ፈቃድ ሌላው በሚቀበልበት የግዛቶች ስምምነት ውስጥ ሲሆኑ ካሊፎርኒያ የለችበትም። ዘመድ ወዳለበት ግዛት መዛወር የሚያስብ ቤተሰብ ይህን ሳይመዘገብ ማወቅ ይኖርበታል።

ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ በከፊል ተመልሷል። በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለሲኤንኤ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ሲያዝ፣ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የሚቀበሉ ነርሲንግ ሆሞች ሠራተኛቸውን ለሥልጠናው እንዳያስከፍሉም ከልክሏል። ራሷ ከፍላ የተማረችም በ12 ወር ውስጥ ከተቀጠረች ወጪዋ ይተካላታል። ለቀጣዩ ደረጃ ግን እንዲህ ያለ የፌዴራል ግዴታ የለም። ኒው ዮርክ ውስጥ 1199 የተባለው የጤና ሠራተኞች ማኅበር ከ1969 ጀምሮ አሠሪዎች በኅብረት ስምምነት በሚያዋጡት ገንዘብ አባላቱን ከረዳትነት ወደ ነርስነት ያስተምራል። ማኅበር በሌለበት ነርሲንግ ሆም የምትሠራ ሲኤንኤ ግን የአሠሪዋ የትምህርት ድጋፍ ስንት እንደሆነና ከተመረቀች በኋላ ስንት ዓመት እንድታገለግል እንደሚያስገድዳት ከመፈረሟ በፊት ራሷ ጠይቃ ማወቅ አለባት።