ስለ አዲስ ነገር ፍቅርና ስለ ጽናት

በቤተ ሰብ ኑሮ ብዙ ጊዜ የሚታይ፣ ነገር ግን ስም ያልወጣለት አንድ ዓይነት ትኩሳት አለ። ይኸውም አንድ ሰው በገና መደርደር፣ ንብ ማነብ ወይም ፎቶግራፍ ማንሣት ድንገት ሲያምረው ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ሌላ ወሬ አጥቶ ዕቃውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ይገዛል፤ ወሩ ሳይሞላ ግን በገናው ከግድግዳ ተሰቅሎ አቧራ ይለብሳል፤ ባለቤቱም ሌላ ነገር ይጀምራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ይመስላል።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ የሚቆም አይደለም። እመቤቲቱ ለቀለብ የታሰበው ገንዘብ ለዕቃ ሲወጣ እያየች በባሏ ቃል መታመኗን ትቀንሳለች፤ ልጆችም ጀምሮ መተው የጨዋ ልማድ ይመስላቸዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰውዬው፦ እኔ ምንም አልፈጽም ብሎ በራሱ ተስፋ መቍረጡ ነው። ቢሆንም ትኩሳቱን ፈጽመን እናጥፋው አንልም፤ ያለ ፍቅር የተጀመረ ትምህርት አይዘልቅምና።

ይህን እሳት ሳያጠፉ መያዝ እንዴት እንደሚቻል ለማወቅ ወደ ጋይንት መመልከት ይበቃል። በዚህ አገር ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ከእስቴ፣ ከስማዳም ሆነ ከሩቅ አገር የሚመጣው ተማሪ ልቡ በቅዱስ ያሬድ ዜማ ተነክቶ ይመጣል። መምህሩ ግን በመጀመሪያው ቀን ድጓን አይሰጠውም። አስቀድሞ ምዕራፍንና ጾመ ድጓን ይማራል፤ ሊቃውንት እንደሚተርኩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁትን የዜማ ምልክት፣ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ርክርኩን አንድ በአንድ ይለያል። በቀድሞው ልማድ ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። እንግዲህ መጽሐፉ የትምህርቱ መጀመሪያ ሳይሆን የድካሙ ፍሬ ነበር ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ሦስት ምክር እናገኛለን። መጀመሪያ፣ ዕቃ ኋላ ይምጣ። በገና ያማረው ሰው ከወዳጁ ተውሶ ወይም ከመምህር ቤት ሄዶ ይጀምር፤ የራሱን የሚገዛው ጥቂት መዝሙር ያለ ስሕተት ከደረደረ በኋላ ይሁን። ሁለተኛ፣ ክፍሉ ጥቂት፣ ግን የዕለት ይሁን፤ የሚሰማውና የሚያርመው ሰውም አይጣ። የድጓ ተማሪ በመምህሩ ፊት ባይቀርብ ኖሮ ከብርድና ከረኃብ ጋራ ያን ያህል ዓመት ባልታገሠም ነበር። ሦስተኛ፣ ድንበር ይበጅለት፤ ከመስከረም እስከ ገና ብሎ ቀን ይቍረጥ። እስከዚያ ሌላ ነገር ቢያምረው በወረቀት ጽፎ ያቈየው። ቀኑ ሲደርስ ከባለቤቱ ጋራ ተመካክሮ ይቀጥል ወይም ይተው፤ ቢተውም ዕቃውን ለሚጠቀምበት ይስጥ። ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ቢዘዋወር አያስነቅፈውም፤ የሚያስነቅፈው ከያንዳንዱ ጥቂት ቀምሶ አንዱንም ሳያስመሰክር መቅረቱ ነው።

በተለይ ወላጆች ይህን ያስቡ። ልጅ አዲስ ነገር ሲያምረው፦ ይኸም እንደ ትናንቱ ያልፋል እያሉ መሣለቅ አይገባም። አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሚያልፉት መካከል የሕይወቱ ሥራ የሚሆነው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና፣ ታግሦ ድንበሩን ማሳየት የአባትና የእናት ፈንታ ነው።