ስለ መጠጥ ውኃ፤ የባንግላዴሽ እመቤቶችና አሮጌው ልብስ

ለቤተ ሰብ ጤና ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ውኃ ቀዳሚ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ነገር ግን ለዓይን ጠርቶ የታየ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን የባንግላዴሽ የቤት እመቤቶች በአሮጌ ልብሳቸው የኮሌራን በሽታ እንዴት እንደ ቀነሱ ልንገልጽ ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ባንግላዴሽ ጋንጀስና ብራህማፑትራ የሚባሉት ታላላቅ ወንዞች ወደ ቤንጋል ባሕር ሰላጤ የሚወርዱባት ዝቅተኛ አገር ናት። በገጠሩ ብዙ ሰው ከኩሬና ከወንዝ ይቀዳል፤ በዚያው ውኃ ይታጠባል፥ ዕቃውንም ያጥባል።

የኮሌራን ተውሳክ ጣሊያናዊው ሐኪም ፊሊፖ ፓቺኒ በ1854 ዓ.ም. በማይክሮስኮፕ አይቶት ነበር፤ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽም በ1884 ዓ.ም. በካልካታ ለይቶ አወጣው። ከዚያ በኋላ ግን ሊቃውንቱ ብዙ ዘመን ተውሳኩ ከሰው አንጀት ውጭ የማይኖር፥ ከበሽተኛ ወደ ጤነኛ ብቻ የሚተላለፍ መስሏቸው ቆዩ። ይህን አሳብ የለወጠችው ሪታ ኮልዌል የምትባል አሜሪካዊት ሊቅ ናት። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምራ ባደረገችው ምርምር፥ ተውሳኩ በተፈጥሮው ጨው በቀላቀለ ውኃ ውስጥ እንደሚኖርና ኮፔፖድ በሚባሉ፥ ከሰናፍጭ ቅንጣት በማይበልጡ የውኃ ነፍሳት ላይ ተጣብቆ እንደሚራባ አስረዳች። በአንዲት ኮፔፖድ ላይ እስከ ዐሥር ሺህ የሚደርስ ተውሳክ ይገኛል።

እንግዲህ የአየሩ ጠባይ ከበሽታው ጋራ የሚገናኘው በዚህ ነው። የባሕሩ ፊት ሲሞቅ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አረንጓዴ ተክል ይበዛል፤ እርሱን የሚመገቡት ኮፔፖዶች ይበዛሉ፤ ተውሳኩም አብሮ ይበዛል። በበጋ ወንዙ ሲጐድል የባሕሩ ጨዋማ ውኃ ወደ መኻል አገር ይወጣል፤ ክረምቱ ገብቶ ጐርፍ ሲሞላ ደግሞ የመጸዳጃው ቆሻሻና የሚጠጣው ኩሬ ይቀላቀላሉ። ስለዚህ በዚያ አገር ኮሌራ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ከዝናቡ በፊትና ከዝናቡ በኋላ ይበረታል።

ውኃውን አፍልቶ መጠጣት ተውሳኩን ይገድለዋል። ይሁን እንጂ ይህን ምክር መስጠት ማገዶ በደጃፉ ለተከመረለት ሰው ይቀላል፤ እኛም የቤት ጉዳይ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ እንደዚህ መክረን አልፈናል። እንጨት በጠፋበት መንደር ሩዝ ለመቀቀያ የምትሆነውን ማገዶ ለውኃ የምታውል እናት ማን ናት? የቧንቧ ጉድጓድ ይቈፈር ተብሎ በ1970ዎቹ ዓመታት እጅግ ብዙ ተቈፈረ፤ ነገር ግን በ1993 ዓ.ም. ከብዙዎቹ የሚወጣው ውኃ አርሴኒክ የሚባል መርዝ እንዳለበት ታወቀ። ከተውሳክ የሸሸው ሰው መርዝ አገኘው።

ኮልዌልና ባንግላዴሻዊው ባልደረባዋ አንዋር ሁቅ ከማንኛዪቱም ድኻ ቤት የማይታጣ ነገር ፈለጉ፤ ያም የሴቶቹ ልብስ ሳሪ ነበር። ሴቶቹ ቀድሞም ቤት ያዘጋጁትን መጠጥ ከቅጠልና ከትንኝ ለማጥራት አንድ ድርብ ጨርቅ ይጠቀሙ ነበር። አሁን ግን አራት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ አጥፈው በእንስራው አፍ ላይ እንዲያስሩት ተማሩ። የሚገርመው፥ ከአዲሱ ሳሪ አሮጌው መብለጡ ነው፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ክር ስለሚሻክር ቀዳዳው ይጠባል። አንድ ሚሊሜትር ለሃምሳ ቢከፈል የአንዱን ክፍል ያህል ይሆናል። ተውሳኩ ብቻውን በዚያ ቀዳዳ ያልፋል፤ የተሸከመው ኮፔፖድ ግን አያልፍም። ጨርቁም ከተጣራ በኋላ ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል።

ይህ ዘዴ በማትላብ አውራጃ በ65 መንደሮች፥ 133 ሺህ በሚያህል ሕዝብ መካከል ተፈተነ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ውጤት በሳሪ ያጣሩት ቤተ ሰቦች ካላጣሩት ይልቅ ኮሌራቸው በ48 ከመቶ አንሶ ተገኘ። ጨርቅ በሽታውን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ማገዶ ያላት እመቤት ካጣራች በኋላ ብታፈላው የተሻለ ነው። በቤቷ ተቅማጥ የያዘው ቢኖርም፥ ወደ ሐኪም እስኪደርስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣ ደጋግማ ታጠጣው። ልኩን መጠበቅ ይገባል፤ ጨው ሲበዛ ሕፃን ይጐዳል።

ሊቃውንቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ መንደሮቹ ተመልሰው ቢጠይቁ፥ ከሴቶቹ 31 በመቶው ውኃቸውን ማጣራት አልተዉም ነበር። አጣሪዎች በበዙበት ሰፈር የሚኖሩት፥ እነርሱ ራሳቸው የማያጣሩት ጐረቤቶች እንኳ፥ ኮሌራ ቀንሶላቸው ተገኘ።