ቡዙሉክ፦ የሰላም ታጋዮችና የቮልጋ ረሃብ

በ1921 እና በ1922 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሩሲያ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ በደረሰው ረሃብ አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። ስለዚህ አደጋ በሚነገርበት ጊዜ በቅድሚያ የሚጠቀሰው በኸርበርት ሁቨር ይመራ የነበረው የአሜሪካ የዕርዳታ አስተዳደር ነው። ድርጅቱ በነሐሴ 1922 በቀን ከአሥር ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ምግብ ያድል ስለነበር ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በሳማራ ክፍለ ሀገር በቡዙሉክ አውራጃ የተሰማሩ ጥቂት የሰላም ታጋዮች ያከናወኑት ሥራ፣ በመጠኑ አነስተኛ ቢሆንም፣ ለዕርዳታ ሠራተኛ ያለው ትምህርት ከትልቁ ድርጅት ሥራ አያንስም።

እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ኩዌከር በሚል ስም የሚታወቀው የወዳጆች ማኅበር አባላት ሲሆኑ፣ እምነታቸው የጦር መሣሪያ ማንሣትን ይከለክላቸዋል። በ1915 የሩሲያ ጦር ከምዕራብ ግንባር ሲያፈገፍግ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነቅሎ ወደ ምሥራቅ ተሰደደ፤ ከፊሉም ቡዙሉክ ደረሰ። የብሪታንያ ኩዌከሮች በ1916 ወደ ሥፍራው ሄደው ሐኪም ቤት ከፈቱ፤ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ፤ ለሴቶችም የሱፍ መፍተያና የጥልፍ ሥራ ቤት አዘጋጁ። ይህ የመጨረሻው እንደ ተራ ነገር መታየት የለበትም። በእንግዳ አገር የሰፈረን ተፈናቃይ ሥራ መፍታት ከረሃብ ባላነሰ ሁኔታ ይጎዳዋልና። በ1917 አሜሪካውያን ተጨመሩላቸው። አብዮቱ ሲፈነዳ ሥራው አልቆመም፤ የርስ በርሱ ጦርነት ወደ አካባቢው በደረሰ ጊዜ ግን በ1918 ለቀው ለመውጣት ተገደዱ።

ረሃቡን ያመጣው ድርቅ ብቻ አልነበረም። አዲሱ መንግሥት ሠራዊቱንና ከተሞችን ለመቀለብ ከገበሬው እህል በግዴታ ይወስድ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም የሚወሰደው ትርፉ ብቻ ሳይሆን ለዘርና ለቀለብ የተቀመጠው ጭምር ነበር። ከዚህም የተነሣ ገበሬው የሚዘራውን መሬት ቀነሰ። መንግሥቱ በመጋቢት 1921 አሠራሩን በዓይነት በሚከፈል ግብር ቢለውጥም ጎተራው አስቀድሞ ባዶ ሆኖ ነበር። በመሆኑም የ1920 ድርቅ በ1921 ሲደገም ሕዝቡ የሚጠጋበት መጠባበቂያ አልነበረውም። ሣር፣ የዛፍ ቅርፊትና ሸክላ አፈር ከዱቄት ጋር እየለወሰ መጋገር ጀመረ።

የውጭው ዓለም ምላሽ ከፖለቲካ የጸዳ አልነበረም። ዶክተር ፍሪድጆፍ ናንሰን በመስከረም 1921 በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ንግግር ሲያደርጉ በአሜሪካ በቆሎ ገዢ አጥቶ እንደሚበሰብስ፣ በአርጀንቲናም ለባቡር ማገዶ እንደሚውል አስረድተው የ5 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ጠየቁ። መንግሥታቱ፣ ዕርዳታው ቦልሼቪኮችን ያጠናክራል በሚል ሥጋት፣ ጥያቄውን አልተቀበሉም። ኩዌከሮቹ ግን ከ1920 ጀምሮ በሞስኮ ለሕፃናት ዕርዳታ ሲያድሉ ስለቆዩ ከባለሥልጣኖቹ ጋር አዲስ ትውውቅ አላስፈለጋቸውም። አውራጃውንም አስቀድመው ያውቁት ነበር።

እህሉ በባቡር ቡዙሉክ ከደረሰ በኋላ በበረዶ ላይ በሚጎተት ጋሪና በግመል ወደየመንደሩ ይጓጓዝ ነበር። በመጀመሪያ የተገኘው ምግብ ለሕፃናት እንኳ በቅጡ የሚበቃ አልነበረም። በሁቨር ድርጅት ደንብ መሠረት ሕፃናቱ ምግባቸውን እዚያው በማደያ ጣቢያው መጨረስ ነበረባቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወደ ቤት የተወሰደ ቁራሽ ለሁሉም ተከፋፍሎ ማንንም አያድንም። ሆኖም ደንቡ ሕፃኑን አትርፎ ወላጁን ለሞት የሚተው ነበርና ውጤቱ በየሕፃናት ማሳደጊያው ታየ። አዋቂዎች በሰፊው መረዳት የቻሉት የአሜሪካ ምክር ቤት በታኅሣሥ 1921 የፈቀደው የ20 ሚሊዮን ዶላር እህል በ1922 ጸደይ ከደረሰ በኋላ ነው።

በቅማል የሚተላለፈው ተስቦም ሠራተኞቹን አልማረም። ሚስ ቫዮሌት ቲላርድ በብሪታንያ የግዳጅ ውትድርናን ይቃወም በነበረ ማኅበር ውስጥ ሲሠሩ፣ የማኅበሩን ጽሑፍ ያተመውን ሰው አልናገርም በማለታቸው በ1918 ታስረው ነበር። በቡዙሉክ የታመሙ ባልደረቦቻቸውን ሲያስታምሙ በሽታው ይዟቸው በየካቲት 1922 አረፉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ችግር የተገለጸው የሞቱ ቁጥር መቀነስ ሲጀምር ነው። የአካባቢው ገበሬ የሚያርሰው በበሬ ሳይሆን በፈረስ ሲሆን፣ ፈረሱ በከፊል በድርቁ አልቋል፤ በከፊል ታርዶ ተበልቷል። የዘር እህል ቢታደልም መሬቱን የሚያርስ ጉልበት ከሌለ ዘሩ ከመበላት አያልፍም። ኩዌከሮቹ ከሩቅ አገር ፈረስ እየገዙ ለገበሬው ማደል ጀመሩ፤ ትራክተርም አስመጡ። የሶቪየት መንግሥት ከ1922 መኸር በኋላ እህል ወደ ውጭ መላክ በመጀመሩ የለጋሾች ስሜት ቀዘቀዘ። የሁቨር ድርጅትም በ1923 አጋማሽ ሥራውን ዘግቶ ወጣ። ኩዌከሮቹ ግን በአካባቢው የወባ በሽታ በበረታበት ጊዜም ክሊኒክ እየከፈቱ ቆዩ። በቶትስኮዬ ወረዳ ሚስ ናንሲ ባብ፣ መሥራት የሚችለው ሰው ምግቡን በሥራ እንዲያገኝ በማድረግ ሐኪም ቤት አሠሩ፤ አገሩን የለቀቁትም በ1927 ነው።